ሳይገቡ መውጣት፦ በጥብቅ የሃይማኖት ቡድን ውስጥ ተወልዶ ማደግና መልቀቅ

በ2023 በኬንያ ኪሊፊ፣ ሻካሆላ በሚባል ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰባኪው ፖል ማኬንዚ ተከታዮቹን እስከ ሞት ድረስ እንዲጾሙ ገፋፍቷል ተብሎ ተያዘ። በ2024 መጀመሪያ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ 191 ሕፃናትን መግደል የሚል ነው። እሱ ክሱን አልተቀበለም። ይኸው ሰው ከዚያ በፊትም ዘመናዊ ትምህርት ከእግዚአብሔር አይደለም እያለ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዲቀሩ ይሰብክ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 2022፣ የጃፓን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ተገደሉ። እናቱ ዩኒፊኬሽን ቸርች ለሚባለው ከኮሪያ የመጣ የሃይማኖት ቡድን 100 ሚሊዮን የን ገደማ በመስጠቷ ቤታቸው እንደፈረሰ የሚያምን ሰው ነው የተኮሰባቸው። ግድያን የሚያጸድቅ ምክንያት የለም። ከዚህ በኋላ ግን በጃፓን ለዓመታት ሰሚ ያጣ አንድ ቃል የሁሉም አፍ ላይ ገባ። "ሹክዮ ኒሴ" ይሉታል። "የሃይማኖት ሁለተኛ ትውልድ" ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር ይነሳል። አንዱ "ጭንቅላታቸውን አጥበዋቸው ነው" ይላል። ሌላው "ታዲያ ለምን ጥለው አይወጡም? ማን አሰራቸው?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም በልባቸው የሚያስቡት ወዶ የገባን ሰው ነው። እዚያው የተወለደ ልጅ ግን የገባበት ቀን የለውም። ማንም አላሳመነውም። ዓይኑን ሲገልጥ ያገኘው ዓለም እሱ ነው። ስለዚህ የልጁ ነገር የራሱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ስም ማውጣቱ ለምን ያስቸግራል

በአማርኛ መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው "ኑፋቄ" ነው። ኑፋቄ ግን በትምህርተ ሃይማኖት ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። "ከቀናው እምነት ወጥቷል" ማለት ነው። አንዱ ኑፋቄ የሚለውን ሌላው ቀና እምነት ይለዋል። አንድ ቡድን ልጆቹን እንዴት እንደሚይዝ ደግሞ ቃሉ ምንም አይነግረንም። ትምህርቱ እንከን የማይወጣለት ቡድን ልጆችን ሊያሠቃይ ይችላል። እንግዳ ነገር የሚያምን ቡድን ደግሞ በፍቅር ሊያሳድግ ይችላል። "ካልት" የሚለው የውጭ ቃልም ዛሬ ከስድብ አይሻልም።

የማኅበረሰብ አጥኚዎች "ሴክት" የሚለውን ይመርጣሉ። ከቀረው ኅብረተሰብ ራሱን ለይቶ የሚኖር፣ ከአባላቱ ከፍ ያለ ታዛዥነትና መሥዋዕትነት የሚጠይቅ የሃይማኖት ቡድን ማለታቸው ነው። ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ልዩነቱን በቀላሉ አስቀምጦታል። ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚወለድባት ተቋም ናት። ሴክት ግን ሰው ወዶ የሚገባበት፣ ቡድኑም መርምሮ የሚቀበልበት ማኅበር ነው።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ኒቡር በ1929 ከዚህ ተነስቶ አንድ ትልቅ ነገር አየ። እንዲህ ያለ ማኅበር በባሕርዩ ከአንድ ትውልድ አያልፍም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደው የገቡት ሰዎች ይወልዳሉ። ልጆቹ ደግሞ የወላጆቻቸውን ፍለጋ አልፈለጉም፤ የወላጆቻቸውን መለወጥም አልተለወጡም። እንግዲህ ቡድኑ ሁለት መንገድ ይቀረዋል። ወይ ቀስ እያለ ይላላል፤ ወይ ልጆቹን የሚያስቀር ሥርዓት ይሠራል። እዚህ የምናወራው ሁለተኛውን ስለመረጡት ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ መባል አለበት። ጥብቅነት ብቻውን በደል አይደለም። በጥብቅ ቤት አድገው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። አለባበስ መወሰኑ፣ ጾም መብዛቱ፣ ቴሌቪዥን መከልከሉ ለብቻው ብዙ አይነግረንም። በእኔ አመለካከት የተሻለው መለኪያ የአጥሩ ከፍታ ሳይሆን በሩ ነው። እዚያ የተወለደ ሰው አንድ ቀን "ልሂድ" ቢል ምን ምን ያጣል?

ልጅ ሆኖ ውስጥ መኖር

ከቋንቋ እንጀምር። በአሜሪካ ያሉ፣ ከዘመናዊ ኑሮ ራሳቸውን ያራቁ አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች ከእነሱ ውጭ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ዘሩ ምንም ይሁን፣ "እንግሊዝ" ይሉታል። የይሖዋ ምሥክሮች የራሳቸውን ሰው "በእውነት ውስጥ ያለ"፣ የቀረውን ደግሞ "ዓለማዊ" ይሉታል። ልጁ እነዚህን ቃላት የሚማረው ከ"እማዬ" እና ከ"ውሃ" ጋር አንድ ላይ ነው። አድጎ ስለ ውጭ ሰው ማሰብ ሲጀምር ፍርዱ በቃሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ቀጥሎ ጊዜ አለ። በብዙ ጥብቅ ቡድኖች ሳምንቱ በስብሰባ፣ በጥናት፣ በስብከትና በሥራ የተሞላ ነው። ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር ለመጫወት ትርፍ ሰዓት የለውም። ትምህርት ቤት ቢገባም ከእኩዮቹ የሚለየው ነገር አይጠፋም። የልደት በዓል በሚከለከልበት ቤት ያደገ ልጅ የክፍል ጓደኞቹ ኬክ ሲቆርሱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን "አንተ ከእነሱ አይደለህም" የሚል ትምህርት ነው፤ ያውም በየወሩ የሚደገም።

ፍርሃትም አለ። ሲኦል፣ የዓለም ፍጻሜ፣ የሚያዩ ዓይኖች። ለአዋቂ ምሳሌ ወይም የሩቅ ተስፋ የሆነው ነገር ለስድስት ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ የሚሆን ነገር ነው። እናቱ ከገበያ ስትዘገይ "ወደ ሰማይ ተነጥቃ ሄዳ እኔ ቀረሁ" ብሎ ያለቅሳል። የዓለም መጨረሻ ቀርቧል በሚባልበት ቤት ደግሞ ለነገ ማሰብ ራሱ እምነት ማጣት ይመስላል። ለምን ዩኒቨርሲቲ? ለምን ቁጠባ? እንዲህ ያለው ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ዓለም ገና አላለቀችም። እሱ ግን ሙያም ተቀማጭም የለውም።

ከሁሉ ጠንካራው ግን ፍቅሩ ነው። ይህን የሚዘነጋ ትንታኔ ሰዎቹን አያውቃቸውም። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ የታመመ ብቻውን አይተኛም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ ይሠራለታል። ልጁ በስሙ የሚጠሩት፣ ሲያለቅስ የሚያባብሉት ብዙ እናቶች አሉት። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ እውነተኛ ፍቅር ነው። ጣጣው ፍቅሩ ሁሉ በአንድ ገመድ መታሰሩ ነው። አክስቱም፣ ጓደኛውም፣ አስተማሪውም፣ ነገ የሚቀጥረው ሰውም በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ገመዱ ከተበጠሰ ሁሉም ይሄዳል።

በእንዲህ ያለ ቤት ጥርጣሬ እንደ ጥያቄ አይታይም። የልብ ክፋት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ልጁ ሌላ ሰው ሳይቆጣው ራሱን በራሱ መቆጣት ይለምዳል። አንድ ሐሳብ ሲመጣበት ይጸልያል፤ ካልሄደለት በራሱ ያፍራል። አጥኚዋ ጃንያ ላሊች ይህን ሁኔታ በአማርኛ "የታጠረ ምርጫ" ልንለው በምንችል ቃል ትገልጸዋለች። ሰውየው ይመርጣል፤ እብድም ባሪያም አይደለም። የሚመርጠው ግን ከሚታዩት ነገሮች ብቻ ነው።

"ጭንቅላት ማጠብ" የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይሰንፋል። እንግሊዛዊቷ ሶሲዮሎጂስት አይሊን ባርከር በ1984 ባወጣችው ጥናት የዩኒፊኬሽን ቸርች የምልመላ ጉባኤዎችን ተከታትላ ነበር። ከተካፈሉት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ሳይገቡ ቀርተዋል። ከገቡትም ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጥተዋል። የማይቋቋሙት አስማት ቢኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ግን ልብ በሉ፦ የተጠኑት ከውጭ የመጡ ወጣቶች ናቸው። የሚያነጻጽሩበት ሌላ ኑሮ ነበራቸው። የሚመለሱበት ቤትም ነበራቸው። እዚያው የተወለደው ሁለቱም የሉትም።

ጥብቅነቱ ለምን ይጠቅማቸዋል

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሎረንስ ያናኮኒ በ1994 ያቀረበው ማብራሪያ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። አንድ ማኅበር ለአባላቱ ብዙ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሳይሠራ የሚበላ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሳያዋጣ ይደገፋል፤ ሳይመጣ ይታሰባል። ከበድ ያለ ደንብ ይህን ሰው በር ላይ ያስቀረዋል። ለየት ያለ ልብስ መልበስ የማይፈልግ፣ አሥራት የማይከፍል፣ ቅዳሜና እሑዱን የማይሰጥ ሰው አይመጣም። የቀሩት ልባቸውን የሰጡ ናቸው። ስለዚህ ማኅበሩ ይሞቃል። ሙቀቱና ጥብቅነቱ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ናቸው።

ለወዶ ገቡ ይህ ሚዛናዊ ውል ነው። ዋጋውን አይቶ ከፍሏል። ለልጁ ግን ደንቡ ሌላ ሥራ ይሠራል። ልብሱ፣ አነጋገሩና የትምህርቱ ማነስ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ድልድይ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ማንም በክፋት ላያደርገው ይችላል። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ልብ ቀድሞ ይወጣል

ሰው አንድ ሌሊት ተነስቶ አይወጣም። የቀድሞ መነኩሲት የነበረችው ሶሲዮሎጂስት ሄለን ኢቦ ከትልልቅ የሕይወት ሚናዎች ስለመውጣት ስታጠና አራት ደረጃ ለይታለች። መጀመሪያ ጥርጣሬ ነው። ቀጥሎ ሌላ ኑሮ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይመጣል። ከዚያ ቁርጥ ውሳኔ ላይ የሚያደርስ አንድ ነገር ይፈጠራል። በመጨረሻ "የቀድሞ" ሆኖ መኖርን መማር አለ።

ጥርጣሬው ከትልቅ የሃይማኖት ክርክር ይጀምራል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን ከትንሽ ነገር ነው የሚነሳው። ክፉ ነው የተባለ የውጭ ሰው ደግ ሆኖ ይገኛል። የታመነ መሪ ሲዋሽ ይታያል። አንዲት እህት በደል ደርሶባት ስትናገር ዝም በይ ትባላለች። የመጨረሻው ዓይነት በተለይ ከባድ ነው። ሰው ትምህርቱን ሳይጠራጠር ፍትሕ ፍለጋ ብቻ ሊወጣ ይችላል።

ከጥርጣሬ እስከ መውጣት ያለው ጊዜ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ሰውየው አካሉ ውስጥ፣ ልቡ ውጭ ሆኖ ይኖራል። ይዘምራል፤ ያስተምራል፤ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ማታ ስልኩን ደብቆ ያነባል። "ግብዝ" የሚሉት አሉ። እኔ ግን ግብዝነት አልለውም። ባለቤቱ፣ እናቱና ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።

ሳይፈልጉ የሚወጡም አሉ። በዩታና በአሪዞና ድንበር ላይ በሚኖረው ኤፍ ኤል ዲ ኤስ በሚባለው ከአንድ በላይ ማግባት ግዴታ በሆነበት ቡድን ውስጥ ብዙ ወጣት ወንዶች በጥቃቅን ምክንያት ተባረዋል። "የጠፉ ልጆች" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ምክንያቱ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ጥቂት ሽማግሌዎች ብዙ ሚስት ከያዙ ለወጣቶቹ አይተርፍም። የቡድኑ መሪ ዋረን ጄፍስ በ2011 ሕፃናትን በመድፈር ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

የበሩ ዋጋ

አሁን ወደ መለኪያው እንመለስ። የሚወጣው ሰው ምን ያጣል?

ቤተሰብ ይቀድማል። በርካታ ቡድኖች የወጣን ወይም የተባረረን ሰው ያገላሉ። ማግለል ማለት አለመነጋገር፣ አብሮ አለመብላት፣ አንዳንዴም ሰላም አለማለት ነው። የሚያገሉት ወገኖች ለዚህ የራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። ማኅበሩን በንጽሕና ለመጠበቅ ነው፤ ሰውየውም ናፍቆት መልሶ እንዲያመጣው ነው ይላሉ። ከልባቸው ያምኑበታል። እናቱ በር ላይ እያለቀሰች አትከፍትለትም። ያን የምታደርገው ስለምትወደው ነው፤ እንዲድን ብላ ነው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ፍቅሩ ሳይጠፋ ነው በሩ የሚዘጋው።

አሚሾች ላይ አንድ ወሳኝ ልዩነት አለ። ጥምቀት የሚፈጸመው ሰው ካደገ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ። ከዚያ በፊት የሄደ ሰው ቃል ስላልገባ አይገለልም። ከተጠመቀ በኋላ የወጣ ግን ይገለላል። ከ100 ወጣቶች 85 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይቀራሉ። በሌሎች ቡድኖች ግን ልጅ በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሊጠመቅ ይችላል። በዚያ ዕድሜ የተሰጠ ቃል በሃያ አምስት ዓመት እናትን የሚያሳጣ ከሆነ፣ ያ ቃል እንደ አዋቂ ውል ሊቆጠር አይገባም ብዬ አምናለሁ። የባንክ ብድር የማይፈቀድለት ልጅ ነው።

ከዚያ ኑሮ አለ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ፣ የአገሩን ዋና ቋንቋ በደንብ የማይናገር፣ አንዳንዴም መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ከየት ይጀምራል? ካናዳ ውስጥ ከይሖዋ ምሥክሮች ጉባኤ የተባረረ አንድ የቤት ሻጭ ከደንበኞቹ ግማሽ ያህሉ የማኅበሩ ሰዎች ስለነበሩ ሥራው እንደተበላሸበት ገልጾ ነበር። ትዳር ያላቸው ደግሞ ሌላ ጦር ይጠብቃቸዋል። ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ የሚለው ክርክር ሲነሳ ማኅበሩ ሁሉ ከቀረው ወገን ይቆማል፤ በገንዘብም በምስክርም።

ፍርድ ቤቶች የት ላይ ቆመዋል

የካናዳው ሰው ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ "ማን አባል ይሁን የሚለው የእኔ ሥራ አይደለም" አለ። ይህ አቋም ምክንያት አለው። መንግሥት ማን ከማን ጋር እንዲነጋገር ካዘዘ የሃይማኖት ነጻነት አለ ለማለት ይከብዳል።

ሌላው ወገን የሚያነሳው የልጆችን መብት ነው። የ1989 የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 14 ልጅ የራሱ የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነት እንዳለው ይናገራል። ወላጆች ይመሩታል፤ ግን ከልጁ የመረዳት አቅም ማደግ ጋር በሚሄድ መንገድ። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ሁለቱ መብቶች አንድ ማዕድ ላይ ይጋጫሉ።

የዚህ ግጭት ታዋቂው ፍርድ የተሰጠው በ1972 አሜሪካ ውስጥ ነው። የዊስኮንሲን ግዛት ልጆች እስከ 16 ዓመት እንዲማሩ ያስገድድ ነበር። አሚሽ ወላጆች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አናስተምርም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ ፈረደ። ዳኛው ዊሊያም ዳግላስ ግን በከፊል ተለዩ። ልጆቹ ራሳቸው ይጠየቁ አሉ። ልጁ ወደፊት ምን መሆን ሊፈልግ እንደሚችል ሳይሰማ የሚዘጋበት በር አሳሰባቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ጥያቄያቸው መልስ አላገኘም።

ኖርዌይ ሌላ መንገድ ሞከረች። በ2022 የይሖዋ ምሥክሮችን የመንግሥት ድጎማ ከለከለች፤ ምዝገባቸውንም ሰረዘች። ያነሳችው ምክንያት የማግለል ሥርዓቱ የመውጣት ነጻነትንና የተጠመቁ ልጆችን ይጎዳል የሚል ነው። ማንንም አላሰረችም፤ ስብሰባም አልከለከለችም። በ2024 የኦስሎ ፍርድ ቤት መንግሥትን ደገፈ። በ2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገልብጦ ለማኅበሩ ፈረደ። ጃፓን ደግሞ በ2022 መጨረሻ ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች መመሪያ አወጣች። "ሲኦል ትገባለህ" እያሉ በማስፈራራት ልጅን በሃይማኖት ሥራ ማስገደድ፣ በጅራፍ መግረፍ፣ አስፈላጊ ሕክምና መከልከል የሕፃን ጥቃት እንደሆነ ገለጸች። የጃፓኑ መንገድ የተሻለ ይመስለኛል። የቡድኑን ስም አይጠራም፤ ትምህርቱንም አይመዝንም። በልጁ ላይ የተፈጸመውን ድርጊት ብቻ ያያል።

መንግሥት ሲያበዛው ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በ2008 የቴክሳስ ባለሥልጣናት ሐሰተኛ ሆኖ በተገኘ የስልክ ጥቆማ ወደ ኤፍ ኤል ዲ ኤስ ሰፈር ገብተው ከ400 በላይ ልጆች ወሰዱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጅምላ መውሰዱ ትክክል አይደለም ስላለ ልጆቹ ተመለሱ። ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ወንጀል ነበር፤ በኋላ በርካታ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። ግን ከእናቱ እጅ የተነጠቀ ልጅ "የውጭ ሰዎች ሊያጠፉን ይመጣሉ" ሲባል የሰማውን በዓይኑ አየው። ሩሲያ ደግሞ በ2017 የይሖዋ ምሥክሮችን "አክራሪ" ብላ አገደች። በቤታቸው የጸለዩ ሰላማዊ ሰዎች ታሰሩ። ይህ ጥበቃ ሳይሆን ስደት ነው።

ከበሩ ማዶ

የወጣ ሁሉ እምነት የለሽ አይሆንም። አንዳንዱ ወደ ሌላ ቤተ እምነት ይሄዳል። አንዳንዱ በግሉ ይጸልያል። አንዳንዱ ይመለሳል፤ ትምህርቱ ስላሳመነው ሳይሆን ብቸኝነቱ ስለከበደው። ወዲያው ሌላ ጥብቅ ቡድን ውስጥ የሚገባም አለ። በሕይወቱ ሙሉ ሌላ ሰው ሲወስንለት ለኖረ ሰው ምርጫ ራሱ ያደክማል።

የወጡ ሰዎች ምስክርነት ምን ያህል ይታመን በሚለው ላይ አጥኚዎች ተከራክረዋል። እንግሊዛዊው ብራያን ዊልሰን የወጣ ሰው ያለፈውን አጥቁሮ የመናገር ፍላጎት ስላለው በጥንቃቄ ይታይ ይል ነበር። ሌሎች ደግሞ ውስጥ ያለውም ሰው እኮ አሳምሮ የመናገር ፍላጎት አለው ብለው ይመልሳሉ። ትክክል ናቸው። ሁለቱንም ሰምቶ ከሰነድ ጋር ማመሳከር እንጂ አንዱን ወገን አስቀድሞ መጣል አይገባም።

ተግባራዊ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። በእስራኤል ሂሌል ከ1991፣ በኒው ዮርክ ፉትስቴፕስ ከ2003 ጀምሮ ጥብቅ ከሆነው የአይሁድ ማኅበረሰብ ለሚወጡ ይሠራሉ። የፀረ ሃይማኖት ስብከት አይሰጡም። ትምህርት፣ ሥራ መፈለግ፣ የሕግ ምክር፣ የሚያወራ ሰው፤ ሥራቸው ይህ ነው።

ውጭ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በቅንነት ነው። የወጣውን ሰው ለማስደሰት ብለን የወጣበትን ቡድን እንሰድባለን። እሱ ግን እዚያ ውስጥ እናቱ አለች። ስንሳደብ እሱ ራሱ ሲከላከልላቸው ይገኛል፤ ከዚያ ደግሞ በራሱ ግራ ይጋባል። መጠየቅ ይሻላል። ምን ናፈቀህ? የቱ ዝማሬ ደስ ይልህ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ከ"እንዴት እንዲህ ያለ ነገር አመንክ?" የበለጠ ሰውን ይከፍታሉ።

ቡድኖቹም ድንጋይ አይደሉም። የይሖዋ ምሥክሮች በ2024 "መወገድ" ይባል የነበረውን ስያሜ ለውጠዋል። አባላት ከጉባኤ የተለየን ሰው በስብሰባ ላይ በአጭሩ ሰላም እንዲሉና እንዲጋብዙ ተፈቅዷል። በደል ፈጸመ የተባለ የተጠመቀ ልጅም መጀመሪያ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገራል። ረዘም ያለ ጨዋታና አብሮ መዋል ግን አሁንም የለም። "ከሃዲ" የተባሉት ደግሞ አጭሯ ሰላምታም አትደርሳቸውም።